የተፈታ የጫማ ክር

ሐረር ውስጥ ሸዋ በር አጠገብ ባለችው ሻይ ቤቷ ጥግ ይዘው የሚቀመጡትን ሽማግሌ ነኢማ ስማቸውን እንኳ አታውቅም። ጀርባቸውን ለግድግዳ ይሰጣሉ፤ ብርጭቆውን ደግሞ ጠረጴዛው የሚያዘነብል ይመስል በሁለት እጃቸው ከብበው ይይዙታል።

ዛሬ ቴሌቪዥኑ የድሮ ጦርነት ያሳያል። በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ የጃፓን አውሮፕላኖች ከደመና ወጥተው ቁልቁል እየተወረወሩ የአሜሪካን መርከቦች ያጋያሉ። ደንበኛው ሁሉ ኳስ እንደሚያይ ይጮኻል። ሽማግሌውን ግን ላብ አጥምቋቸዋል። ነኢማ የወደቀ ማንኪያ ልታነሳ ጎንበስ ስትል፣ ጣቶቻቸው በጠረጴዛው ሥር የጫማቸውን ክር ሲፈቱ አየች።

«አባባ፣ እግርዎን አመመዎት እንዴ?»

«አይ ልጄ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ባሕር ሳይነቅሉ። «ጫማ ያደረገ ቶሎ ይሰምጣል። መርከባችን የተመታች ቀን የጓደኛዬ ክር ተቋጥሮ አልፈታ አለው።»

«ታዲያ ሐረር ላይ ምን ባሕር አለ?» ልትላቸው አፏን ስትከፍት፣ ከማዶው ልኳንዳ ሥጋ ሊነጥቅ የወረደ ጭልፊት ጥላው እንደ አውሮፕላኖቹ በበሩ ላይ ሽው ብሎ አለፈ። ሽማግሌው ጠረጴዛውን ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ያ ረቢ!» አለች ነኢማ። ወደ ልቧ ስትመለስ በቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግሯ ቆማለች፤ ሸበጧን መቼ እንዳወለቀችው አታውቅም።