በስድስት ሰዓት የተሳሳተው ሰርቨር

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ማንም ስላልተጎዳ ብዙዎቹ ረስተውታል፤ እኔ ግን አልረሳሁትም።

የምሠራው ካዛንቺስ፣ አንድ የግል ሆስፒታል አይቲ ክፍል ውስጥ ነው። ያን ቀን ጠዋት መብራት ሄዶ ሲመለስ ዋናው ሰርቨር ሰዓቱ ተዛብቶ ተነሳ። በእሱ ውስጥ እያንዳንዳቸው እንደ ራሱን የቻለ ማሽን የሚሠሩ ሦስት ቨርችዋል ሰርቨሮች አሉ፤ የካርድ ክፍሉም፣ የላብራቶሪውም፣ የነርሶቹም። ሁሉም ሰዓት የሚወስዱት ከእሱ ነው። ከየክፍሉ ስልክ ሲጮህብኝ ተጣድፌ የግድግዳውን ሰዓት አየሁና በእጄ አስገባሁ፤ ሦስት ሰዓት ከአሥር።

ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ግን የፈረንጁን ሰዓት ነው። ለእሱ ሦስት ከአሥር ሌሊት ነው፤ ዘጠኝ ከአሥር ማለት ነበረብኝ።

ስህተቴን ያየሁት አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ለአለቃዬ ለሰሎሞን ደወልኩ።

«በቃ፣ በእጅሽ አትንኪው፤ ራሱ ከኔትወርክ ሰዓት እንዲወስድ አድርጊው» አለኝ።

እንዳለኝ አደረግኩ። ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ወደፊት ዘለለና ተስተካከለ። እፎይ ከማለቴ ግን አንድ ነገር መጣብኝ፤ ጠዋት የተሰጡት መድኃኒቶችስ? ሦስት ተኩል ላይ የተወጋ ታማሚ፣ ሲስተሙ ላይ ሌሊት እንደተወጋ ሆኖ ተመዝግቧል። አሁን ሰዓቱ ሲስተካከል ደግሞ በየስድስት ሰዓቱ የሚሰጥ መርፌ ከሆነ የሚቀጥለው ጊዜው ያለፈ ይመስላል!

ሊፍት አልጠበቅኩም። ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ።

ታማሚዎች የሚተኙበት ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ሲስተር ሕይወት መርፌ ይዛ እማማ ዘነበች አልጋ አጠገብ ቆማለች። እማማ ከቂርቆስ የመጡ፣ ከአንድ ቀን በፊት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው አሮጊት ናቸው። እንቅልፍ ወስዷቸዋል። የጎን አልጋ ታማሚዋ ዘሃራ የሲስተርን ጋውን ጨብጣ ይዛለች።

«እህቴ፣ ቅድም እኮ ሌላዋ ነርስ ወግታቸዋለች! በዓይኔ አይቻለሁ» ትላለች።

«ሲስተሙ እኮ ሰዓታቸው አልፏል ነው የሚለው።»

«አትስጫቸው! ስህተቱ የኔ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

መርፌው ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ነበር። በእሳቸው ዕድሜ ቢደገም ኖሮ ትንፋሻቸውን ሊያቆመው ይችል እንደነበር ሐኪሙ በኋላ ነገረን። ነርሶቹ የሁሉንም ታማሚ መድኃኒት እንደገና አጣሩ። የተደገመበት ሰው አልተገኘም።

የእማማ ልጅ ምሳ ይዛ ስትመጣ ሁሉንም ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ሄዳ እጇን እናቷ አፍንጫ ሥር አደረገችና ትንፋሻቸውን ለረጅም ጊዜ ጠበቀች።

ሰርቨሩ ከዚያ ወዲህ ተዛብቶ አያውቅም። እኔ ግን «ዘሃራ ያን ሰዓት ተኝታ ቢሆን ኖሮ…» ብዬ ማሰብ እጀምራለሁ እንጂ ጨርሼው አላውቅም።