ልጄን የጋትኋት አጥሚት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። በምን አፌ? ሰው ልጁን በረሃብ በቀበረበት ዘመን፣ እኔ ልጄን አብልቼ በደልኋት ብል ጥጋብሽ ነው እባላለሁ። ግን በድያታለሁ። እናንተ ስሙኝና ፍረዱብኝ።

በድርቁ ጊዜ ከአርማጭሆ ወደ ሱዳን ስንወርድ ትልቁ ልጄ መንገድ ላይ ሞተብኝ። እስከ መጨረሻው ቁራሽ ይለምነኝ ነበር፤ አልነበረኝም። ድንበሩን አልፌ ወድ ኤል ሒለው የስደተኞች መጠለያ የደረስሁት ታናሽ እህቱን አዝዬ ነው። እዚያ ዱራ ከሚሉት ማሽላ የተሠራ አጥሚት በወተት እያደረጉ ይሰጡን ነበር። ልጅቷ ውላ አድራ አገገመች፤ ጉንጯ ሞላ፤ የቻለችውን ያህል ጠጥታ ፊቷን ታዞር ጀመር። እኔን ደሜን የሚያፈላው ይኸው ነበር። ወንድሟ ያጣውን እሷ ታማርጥ?

ጋትኋት። እናቴ እኔን እንዳሳደገችኝ፣ እግሬ ላይ አጋድሜ፣ ግራ መዳፌን አጎድጉጄ አፏና አፍንጫዋ ላይ ገጥሜ፣ በቀኜ አጥሚቱን አንቆረቆርሁባት። ትንፋሽ ሲያጥራት ትውጣለች። ሲያስመልሳት እንደገና ጋትኋት። አጥሚት የምታድለን፣ አማርኛ የለመደች የገዳሪፍ ከተማ ልጅ አይታ፣ "ኸላስ፣ በቃ፣ እቴ! ጠግባለች እኮ፤ ሆዷን እሷ ታውቀዋለች" አለችኝ።

"አንቺ ልጅ ቀብረሻል?" ብዬ ጮኽሁባት። ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።

ብዙም ሳይቆይ ልጄ ፊቷን ማዞር ተወች። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ!

በኋላ ገዳሪፍ ገባን። ልጅቷ ከፍ ብላለች። ለኢድ ጎረቤታችን፣ የባለሱቁ ሚስት፣ ሩዝና ሥጋ በትሪ ላከችልን። ለእሷ ትቼላት ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። ስመለስ ትሪው ባዶ ነው፤ ልጄ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ትንፈራገጣለች።

"ኧረ ምን ጉድ ነሽ! ሲበቃሽ አትተዪም?"

"አንቺ መቼ በቃሽ አልሽኝ?" አለችኝ። የምሯን ነው።

ምን ላሳብብ? ድርቁን? ድርቁ አንዱን ልጄን ወሰደ እንጂ እሷን አልጋታትም። መዳፉ የኔ ነበር። ጠግቤአለሁ ስትለኝ ያላመንኋት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲያ እሷም ራሷን አላመነችም።

አሁን የልጆች እናት ናት። ባለፈው እሑድ እኔ ዘንድ ምሳ በላች። መሶቡ ላይ እጇን እንዳደረገች ቀና ብላ ፊቴን አየች። ይቅር በዪኝ ልላት ነበር፤ አልወጣኝም። ብዪ ልበላት? በቃሽ ልበላት? እኔ አቀርቅሬ ሳመነታ፣ እሷ ጎርሳ ጎርሳ እንደገና አየችኝ።