የተላገው ጽሑፍ

ባለፈው ሳምንት አብነት አካባቢ በአንድ እንጨት ቤት ደጃፍ ሳልፍ፣ የተላገ ጥድ ሽታ ከግራሶ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬን አወደው። እግሬ ቆመ። አንድ ወጣት "ምን ፈልገው ነው እናቴ?" አለኝ፤ ምንም ብዬው አለፍኩ። ምን ልበለው? እንዲህ ይሸት የነበረው የአባቴ የሥራ ቤት ነው፤ ጌጃ ሰፈር፣ በደርግ ጊዜ፣ እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ።

አባቴ አናጢ ነበር። እንጨት ሲወደድ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ካለ አንድ ነጋዴ ባዶ የጥይት ሣጥኖች እየገዛ፣ እያፈረሰ፣ ወንበርና አልጋ ይሠራባቸው ጀመር። ሣጥኖቹ አረንጓዴ ቀለም የተቀቡ፣ ማጠፊያቸው የዛገ ነበር። ጎናቸው ላይ በጥቁር የታተመ የሩሲያ ፊደልና ቁጥር አለ፤ የጥይቱ ዓይነት ይሁን የተሠራበት ዓመት፣ እኛ አናነበውም። ከሱ በላይ ደግሞ በነጭ ቀለም፣ በእጅ፣ በአማርኛ "ባዶ" ተብሎ ተጽፏል፤ አንዳንዱ ላይ "ባዶ፣ ይመለስ" ይላል። ይህ "ይመለስ" የሚለው ቃል አባቴን እንቅልፍ ይነሳው ነበር። ነጋዴው ደረሰኝ አልሰጠውም። የመንግሥት ዕቃ እቤትህ ምን ይሠራል የተባለ ቀን ምን ሊመልስ ነው?

የሚያሰጋን ግን ቀበሌው ብቻ አልነበረም። ከግቢያችን ማዶ በርበሬና ሽሮ የሚቸረችሩ አንዲት ሴትዮ ነበሩ፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ አንድ ልጃቸው ብሔራዊ ውትድርና የሄደባቸው። እትዬ ነበር የምንላቸው። በፊት ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም። ሣጥኖቹ ከመጡ ወዲህ ግን በየሰበቡ ብቅ ማለት አበዙ። አንድ ቀን ፍቅፋቂ ለማገዶ ብለው፣ አንድ ቀን የተሰበረ በርጩማ ይዘው። ጎንበስ ብለው ጽሑፉን ያያሉ፣ በጣታቸው ይከተሉታል፣ ከዚያ ቀና ብለው ከየት እንዳመጣነው ይጠይቃሉ። አባቴ ወሬ ይቀይራል። እሳቸውም ለምን እንደጠየቁ አይናገሩም።

እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ጆሮ ጠቢ ሳይሆኑ አይቀሩም" አለች። በዚያ ዘመን ይህ ቃል አንዴ ከወጣ አይመለስም። ሰላምታቸው፣ ሳላቸው፣ ሱቃቸውን የሚዘጉበት ሰዓት ሳይቀር ሌላ ትርጉም ያዘብን።

አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከፊቴ ሲሄዱ አየኋቸው። ነጠላቸውን ተከናንበው ፈጠን ፈጠን ይላሉ። ራቅ ብዬ ተከተልኳቸው። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ገቡ። አጥሩ ጥግ ቆሜ ጠበቅኩ፤ አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ሬዲዮ ያዳምጣል። ሲወጡ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር። አይቻለሁ፤ ግን አልገባኝም፣ ወይም እንዲገባኝ አልፈለግኩም። ሮጬ ለአባቴ ነገርኩት።

አባቴ የያዘውን ሥራ ጣለ። በሩን ዘግቶ የቀሩትን ሣጥኖች አፈረሰና ጽሑፍ ያለበትን ሳንቃ ሁሉ እስኪመሽ ላገ። እኔ ሳንቃውን ደግፌ እይዝለት ነበር። የሩሲያውም የአማርኛውም ፊደል እየተጠቀለለ መሬት ወደቀ፤ እናቴ ሰብስባ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው።

በማግስቱ ከቀበሌ ማንም አልመጣም። የመጡት እትዬ ናቸው። ነጥተው የተደረደሩትን ሳንቃዎች አዩና ደጃፉ ላይ ደርቀው ቀሩ።

"ጽሑፉስ?" አሉ።

"ላግኩት" አለ አባቴ።

በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ከዚያ ነው ሁሉን የነገሩን። ልጃቸው ከመሄዱ በፊት የሱቅ ማስታወቂያ ጻፊ ነበር፤ እሳቸውንም ፊደል ያስቆጠራቸው እሱ ነው። ከሄደ ወዲህ የላከው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነበር። መሣሪያ ግምጃ ቤት መመደቡን፣ ሥራው ሣጥን ላይ መጻፍ መሆኑን ገልጾ፣ ይህን ለማንም እንዳይናገሩ አደራ ብሏቸዋል። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ወሬው ጠፋ። ቀበሌ የሚመላለሱት የእሱን ነገር ለመጠየቅ ነበር፤ ሐሙስ ዕለትም አናውቅም ብለው መልሰዋቸዋል።

"የእኔ ልጅ 'ባ' ሲጽፍ ረጅሟን እግር ወደ ውጭ ይዘረጋታል" አሉ። "ሣጥኑ ላይ ያለችውም እንደዚያ ናት። ከየት እንደመጣ ካወቅሁ እሱ ያለበትን አገኛለሁ ብዬ ነበር። እናንተን ደግሞ ፈራኋችሁ።"

አባቴ ወዲያው ጠመንጃ ያዥ ሄደ። ነጋዴው ሣጥኖቹን ከሌላ ሰው እንደገዛ፣ ከየት እንደመጡ እንደማያውቅ ምሎ ተገዝቶ መለሰው። ያን ጊዜ አባቴ ልደታ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ላሉ ሙሽሮች የሠራው አልጋ ትዝ አለው፤ ከርብራቡ አንዱን ሳንቃ ሳይልገው፣ ጽሑፉን ወደ ታች አዙሮ ነበር የመታው። አብረን ሄድን። ሙሽሪት ግራ እየገባት ፍራሹን አነሳችልን። አባቴ ሳንቃውን ነቅሎ በሌላ ተካ፤ እኔ በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤው መጣሁ።

እትዬ ሳንቃውን ከሱቃቸው ወደ ፀሐዩ አወጡት። "ባ"ን በጣታቸው ተከተሏት፤ አንዴ፣ ደግመውም።

"የእሱ አይደለችም" አሉ።

አባቴ አቀረቀረ። እኔ ሳንቃውን ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ ወደ ደረታቸው ሳቡት።

"ተዪው ልጄ። ይሄንንም የጻፈው የእናት ልጅ ነው።"

ልጃቸው አልመጣም። መንግሥት ሲቀየር፣ ወታደሩ እየተንጠባጠበ ወደ ከተማ ሲገባ፣ ለሳምንታት መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁት። አንዳንድ ቀን እኔም አብሬያቸው ቆሜያለሁ። ተከትያቸው እንደነበር፣ ለአባቴ የነገርኩት እኔ እንደሆንኩ ግን አንድም ቀን አልነገርኳቸውም። እስኪሞቱ ድረስ፣ ነገሩ በተነሳ ቁጥር፣ እኔን ለማጽናናት "አባትሽ ምን ያድርግ፤ እንጨት ካልተላገ አይሠራበትም" ይሉኝ ነበር።