ሬሳ የሌለበት ጡሩምባ

ወላይታ ሶዶ ላይ ጋሽ ሻንቆን የማያውቅ የለም፤ የማያውቋቸው ገንዘብ ያላቸው ብቻ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የእርሻ ትምህርት አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ የሰፈሩ ዕድር ዳኛ፣ በጓሯቸው ከእንሰቱ ጥላ ሥር ስድስት መቶ የዋንዛና የግራቪሊያ ችግኝ ያፈሉ ሰው ናቸው። ያፈሉትም ለጌጥ አይደለም። ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ሰፈሩን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ገደል አድርጎታል። ገደሉ በየክረምቱ እየሰፋ መጥቶ ከአሳየሽ አጥር ስምንት እርምጃ ቀርቶታል። አሳየሽ ባሏ የሞተባት፣ አቮካዶ ቸርቻሪ ጎረቤታቸው ናት። ጠዋት ጠዋት እርምጃውን እየቆጠረች ትነግራቸዋለች።

“ታዲያ ለምን ዝም ብለው አይተክሉም?” የሚል ካለ ያንን ዘመን አያውቀውም። ሚሊኒየሙ ሊገባ አንድ ዓመት ቀርቶታል፤ በየስብሰባው ስለ ዛፍ የማይናገር ሹም አልነበረም። ሰፈሩን ግን ቀደም ብሎ የመጣ አንድ ፕሮጀክት አበላሽቶት ሄዷል። እርከን ለሠራ ሁሉ ስንዴና ዘይት ሲያድል ከርሞ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ሰዉ ጉድጓድ ቆፍር ሲባል የሚጠይቀው ጥልቀቱን ሳይሆን ዘይቱን ሆነ።

ስለዚህ ጋሽ ሻንቆ ኮታቸውን ለብሰው እርዳታ ፍለጋ ወጡ። ዛፍ ለሚተክል ገንዘብ ይሰጣል ከተባለ አንድ ድርጅት ደረሱ። እዚያ ያገኙት ቃለሕይወት የሚባል ባለሙያ የቀድሞ ተማሪያቸው ነው፤ ዛሬ ግን አስተማሪው እሱ ነው።

“ጋሼ፣ ፕሮፖዛሉ በእንግሊዝኛ ይሁን። ደግሞ ማኅበረሰቡ በራሱ አቅም አንዲት ጉድጓድ እንኳ መቆፈር አይችልም ብለው ይጻፉ።”

“ይችላል እኮ! የዕድራችን ሰው መቃብር በሁለት ሰዓት ነው የሚጨርሰው።”

“ከቻለማ ማን ይረዳዋል?”

ጻፉ። ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ያለችው ማክዳ ሦስት ጊዜ ተየበችው። የቀበሌ ማኅተም ያስፈልጋል ተባለ፤ ማኅተሙን የያዘው ሊቀመንበር ደግሞ ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት ሊሠለጥን ሄዶ ሁለት ሳምንት ቆየ።

ማኅተሙ ተመትቶ ፕሮፖዛሉ እስኪገባ ሰኔ አለቀ። ሐምሌ ሲገባ የችግኙ ሥር የፈላበትን ላስቲክ በስቶ መሬት ያዘ፤ ዘንድሮ ካልተተከለ አበቃለት። ገደሉም ሦስት እርምጃ በላ።

“አምስት ቀረው ጋሼ፤ የቱ ይቀድማል? ገንዘቡ ወይስ ገደሉ?” አለቻቸው አሳየሽ። ጋሽ ሻንቆ አንዲት ጉድጓድ መቆፈር አይችልም ብለው የፈረሙበት ሰፈር የገዛ ሰፈራቸው ነውና አፈሩ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የዕድሩን ጡሩምባ ነፊ ቶማን ጠሩት።

“ንፋ።”

“ማን ሞተ ልበል?”

“አሳየሽ ደጅ ኑ በል። ሌላ አትጨምር።”

“ሬሳ ሳይኖር ጋሼ? በሕጉ እኮ…”

“ሕጉን ያነበብኩልህ እኔ ነኝ። ንፋ!”

ያለ ዘይት የማይነሳ ሰው ለቀብር ተነሳ። ወንዶቹ ዶማና አካፋ ይዘው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው “ወይኔ አሳየሽ!” እያሉ ሲደርሱ፣ አሳየሽ የአቮካዶ ቅርጫቷን ተሸክማ ከበሯ ብቅ አለች። አንዷ አልቃሽ ደንግጣ ቁጭ አለች።

“ማነው የሞተው?” ተጮኸ።

“እስካሁን ማንም!” አሉ ጋሽ ሻንቆ። “ከርሞ ግን እሷ ከነቤቷ ገደል ትገባለች። ያኔ ለእሷ ከምትቆፍሩ ዛሬ ለችግኙ ቆፍሩ። ዶማውን እንደሆነ ይዛችሁታል!”

ሰዉ ሰደባቸው። ግን ዶማ ይዞ ከቤት የወጣ ሰው ሳይቆፍር መመለስ ያሳፍረዋል። እየተሳደበ የገደሉን ዳር ቆፈረ፤ ስድስት መቶውም ችግኝ ከምሳ በፊት ተተክሎ አለቀ። እሑድ ዕድሩ ተሰብስቦ በገዛ ዳኛው ላይ ፈረደ፤ ያለ ሬሳ ጡሩምባ ስላስነፋ፣ ዓመት ሙሉ ሰው በሞተ ቁጥር ከቆፋሪዎቹ ጋር ይቆፍር ተባለ።

የፕሮፖዛሉ መልስ በጥቅምት ደረሰ። ማኅበረሰቡ በራሱ መትከል መቻሉ ስለተረጋገጠ ድጋፍ አያስፈልገውም ይላል።

ድጋፍ አያስፈልገውም ያለው ይኸው ድርጅት በተከታዩ ክረምት ከፈረንጅ እንግዶች ጋር መጣ። ለዛፍ ያልነበረው ገንዘብ ለሰሌዳ ተገኝቶ ኖሮ፣ “በድርጅታችን ድጋፍ የለማ” የሚል ብረት ዛፎቹ መሀል ተተክሏል። አንዲት እንግዳ አሳየሽን ፕሮጀክቱ ምን እንደጠቀማት ጠየቀቻት። አሳየሽ በወላይትኛ መለሰች።

“እኛ ለቀብር ነው የመጣነው፤ ሬሳ ብናጣ ዛፍ ተከልን። እናንተን ግን ቀብሩ ላይ አላየኋችሁም።”

“ፕሮጀክቱን ከልብ አመሰግናለሁ ትላለች” ብሎ ቃለሕይወት በእንግሊዝኛ ተረጎመ። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

ጋሽ ሻንቆ ቅጣታቸውን ሊፈጽሙ ወደ አንድ ቀብር ሲሄዱ ነበር፤ አካፋቸውን በትከሻቸው እንዳደረጉ መልሱንም ትርጉሙንም ሰሙ። ለተማሪያቸው የሚሆን ስድብ ምላሳቸው ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጡትና ወደ አሳየሽ ዞሩ።

“ዛሬስ ስንት ቀረው?”

“አምስት ጋሼ” አለች። “እንደ አምናው አምስት ነው።”