የአማቴ ጫማ በመኪናዬ ወለል ሾልኮ ወደቀ

«ልጄ፣ ከእግሬ ስር መንገዱ ይታየኛል።»

ይህን ያሉኝ አማቴ ናቸው፤ ዛሬ ጠዋት ከሰቆጣ ወደ ጎረቤቷ ዝቋላ ወረዳ ለለቅሶ ሳደርሳቸው። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ።

ወዲያው ጮኹ። ፍሬን ይዤ ሳይ፣ የአሮጌዋ መኪናዬ ወለል ምንጣፉ ስር በዝገት ተበልቶ ኖሮ ተቀዷል፤ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገብቷል። ጫማቸው መንገድ ላይ ቀርቷል።

እግራቸውን ቀስ ብዬ አወጣሁት። ተጫረ እንጂ ደህና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

እኔ ግን ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ትናንት ለእሳቸው ክብር ብዬ መኪናዋን ከላይ እንደ መስታወት ወልውያት ነበር። (አሁንም ታብረቀርቃለች!) ከስሯ የተጋገረውን የክረምት ጭቃ ግን አጥቤው አላውቅም። ፀረ ዝገት ቀለም አስቀባታለሁ እያልኩ ስንት ዓመት አለፈ።

ወደ ኋላ ሮጬ ጫማቸውን አመጣሁ። ተንበርክኬ እያጠለቅሁላቸው «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«እኔስ ይሁን፤ ልጆችህም እኮ እዚሁ ነው የሚቀመጡት» አሉኝ።

በሚያልፍ ሚኒባስ አሳፍሬያቸው፣ እኔ እየተንቀረፈፍኩ ወደ ጋራዥ ተመለስኩ።

እናንተስ የመኪናችሁን ሆድ ጎንበስ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? የገጠማችሁን ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልፈር።