ኤልያቄም ኤልያቄምን ያሸነፈ ጊዜ

ሐሚዳ መካኒሳ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያና ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ቼዝ የለመደችው ወንድሟ አናስ ኳስ ሲጫወት እግሩ ተሰብሮ አልጋ ላይ የዋለ ክረምት ነው። አብሮት የሚጫወት ሰው ሲያጣ እሷን አስተማራት። እሱ እግሩ ሲድን ቼዙን እርግፍ አድርጎ ተወው፤ እሷን ግን እስከ ዛሬ አልለቀቃትም።

ቅዳሜ ከሰዓት በሱቋ በረንዳ ላይ ሰሌዳዎች ይዘረጋሉ። ከጀሞ፣ ከሀይሌ ጋርመንት፣ ከዚያው ከሰፈሩ የሚመጡ ሰዎች ይጫወታሉ፣ ይከራከራሉ፣ በጠፋ ወታደር ምትክ ቆርኪ ያቆማሉ። ኮምፒውተር ያላት እሷ ስለሆነች ጨዋታዎቹን መዝግቦ መያዝ የእሷ ድርሻ ሆነ። የምትመዘግብበትን ፕሮግራም ከኢንተርኔት ያወረደችው በነጻ ነው። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ከሥራቸው በተረፈ ጊዜ በፈቃዳቸው የሚሠሩት፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። ማን ከማን እንደተጫወተ፣ ማን እንዳሸነፈ፣ የት ላይ እንደተሳሳተ አንድ በአንድ ያሳያል።

ከበረንዳው ሰዎች ሁለቱ ኤልያቄም ይባላሉ። አንደኛው ሀይሌ ጋርመንት ቀለም የሚሸጡት ኤልያቄም ወጋየሁ ናቸው፤ ሁሉም ጋሽ ኤልያቄም ይላቸዋል። ሁለተኛው ኤልያቄም ወጋሶ የጀሞ ታክሲ ሾፌር ነው፤ እሱን ኤልያ ይሉታል። ኤልያ ከመዘምራን ልምምድ ቀጥታ ስለሚመጣ ሲጫወት መዝሙር ያንጎራጉራል። ጋሽ ኤልያቄምን ይህ አያስደስታቸውም።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ኤልያቄም መነጽራቸውን አስተካክለው ኮምፒውተሩ ፊት ቆሙ።

«እስቲ ሐሚዳ፣ የኔን ውጤት አሳዪኝ።»

ስማቸውን ስትፈልግ «ኤልያቄም ወጋ» የሚል ብቻ መጣ። ከስሙ ጭራ ላይ ባዶ ሳጥን ተለጥፏል። ከሥሩ የሁለቱም ሰዎች ጨዋታዎች ተዘበራርቀው ተደርድረዋል። ባለፈው ሳምንት እርስ በርስ የተጫወቱት ደግሞ «ኤልያቄም ወጋ ኤልያቄም ወጋን አሸነፈ» ይላል።

«ምን ማለት ነው ይሄ? ከራሴ ጋር ተጫውቼ ተሸነፍኩ?» አሉ ጋሽ ኤልያቄም።

«አይዞዎት ጋሼ፣ ያሸነፉትም እርስዎ ነዎት!» አለ ኤልያ። በረንዳው በሳቅ ሞላ።

ጋሽ ኤልያቄም ግን አልሳቁም። «እነዚህ ሽንፈቶች በሙሉ የሱ ናቸው። ከኔ ላይ አንሺልኝ!»

ኤልያ በእንግሊዝኛ ፊደል ብትጽፈው ችግሩ እንደሚፈታ ነገራት። ሐሚዳ እምቢ አለች። «ስማችሁ የተጻፈው በዚህ ፊደል ነው። ካቃተው ፕሮግራሙ ይታረም እንጂ።»

ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ችግር የሚነገርበት ገጽ ላይ ገብታ «ፕሮግራማችሁ ሰው ይደባልቃል፤ እባካችሁ አስተካክሉ» ብላ በእንግሊዝኛ ጻፈች። ከሠሪዎቹ አንዱ መለሰላት፦ «ምን አደረግሽ? ምን ጠበቅሽ? ምን ሆነ?»

ሐሚዳ ፖሊስ ጣቢያ የቀረበች መሰላት። ተናዳ አናስ ጋ ደወለች።

«እግሬ የተሰበረ ጊዜ ሐኪሙ የት ጋ ነው የሚያምህ አላለኝም?» አላት አናስ። «ዝም ብዬ አመመኝ ብቻ ብለው ምን ያድርግልኝ?»

ነገሩ ገባት። ምን እንደነካች፣ ምን እንደጻፈች፣ ምን እንዳየች ዘርዝራ ላከች። ሰውየው ሞክሮ «እኔ ጋ በደንብ ይሠራል» አለ። ለካ የሞከረው በራሱ ፊደል ነው። ሐሚዳ አልተወችም። ደንበኛ ጋብ ባለ ቁጥር ስም እየቀያየረች ትሞክር ጀመር። ማሞ ነጋ ሙሉውን ይቀመጣል። ጸደንያ ወጋየሁ ይቆረጣል። ደጋግማ ስታይ ሁልጊዜ ከሰባተኛው ፊደል በኋላ ነው የሚቆርጠው። ይህንን ጽፋ፣ ሰውየው እንዳለ ገልብጦ እንዲሞክር ሁለቱን ኤልያቄሞች በአማርኛ ላከችለት።

በማግስቱ «አገኘሁት!» የሚል መልስ መጣ። የኛ አንድ ፊደል ኮምፒውተሩ ውስጥ የነሱን የሦስት ፊደል ቦታ ይይዛል፤ ለስም የተተወው ቦታ ደግሞ ጠባብ ነበር። ለዓመታት እንዲሁ ኖሯል፤ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ሐሚዳ በደስታ ያን ቀን የአንዱን ደንበኛ መታወቂያ የጀርባውን ብቻ ኮፒ አድርጋ ሸኘችው።

የታረመው ፕሮግራም ሲወጣ ላገዟቸው ሰዎች ከጻፉት ምስጋና መካከል «አቶ ሐሚድ ከአዲስ አበባ» የሚል አገኘች። ወዲያው ጻፈች፦ «ምን አደረግሁ? ስሜን አነበብሁ። ምን ጠበቅሁ? ሴት መሆኔን። ምን ሆነ? ወንድ ሆንሁ።» ሰውየው በሳቅ ሊሞት እንደነበር ጽፎ፣ ይቅርታ ጠይቆ አረመላት። ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር ሲሠሩ ቀድማ እንድትሞክርላቸው ይልኩላታል።

የተቆረጠ ስም በራሱ አይቀጠልምና ጨዋታዎቹን ተጫዋቾቹ ሲጫወቱ ከጻፉባቸው ወረቀቶች እንደገና አስገባች። ቅዳሜ ጋሽ ኤልያቄም መጥተው ቆሙ። ሁለቱ ስሞች ሙሉ ሆነው፣ ለየብቻ ወጡ። የኤልያ ውጤት የሚያስቀና ነበር። ሽንፈቶቹ፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ የጋሽ ኤልያቄም ሆነው ተገኙ።

ኤልያ ማንጎራጎሩን አቆመ።

«የድሮውን መመለስ አይቻልም?» አሉ ጋሽ ኤልያቄም ቀስ ብለው።

«አይቻልም ጋሼ» አለች ሐሚዳ ሳቋን ውጣ።

ጋሽ ኤልያቄም ወንበር ሳቡ። «በል ኤልያ፣ ቁጭ በል። ሁልጊዜ ፈረሴን የምትበላብኝ የት ላይ ነው? አሳየኝ።»

ኤልያ ታክሲውን ጥግ ለማስያዝ ሮጠ። ተመልሶ ሲመጣ ጋሽ ኤልያቄም ጥቁሩን ደርድረው፣ ቀድሞ የሚጀምረውን ነጩን ለእሱ ትተውለት ነበር።