ጀርባው ቅጠል የሚመስለው ቢራቢሮ

የዚያን እሑድ ረፋድ ከቡታጅራ በታች ወንዙ ዳር የነበርነው አራት ነን፤ እኔ፣ አራተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ፣ ከሰሜን ተመድበው የመጡት ወጣቱ የልጄ አስተማሪና በማሳቸው ያሳለፉን ሙስሊም ገበሬ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። መስቀል ሲያልፍ ቢራቢሮዎች እርጥቡ አሸዋ ላይ ተሰብስበው ውሃ ይመጥጣሉ። አስተማሪው ዓይነታቸውን ለይታችሁ ሣሉ ብለው ነበር። ልጄ አንዱን ክንፉ ሲከደን ቡናማ፣ ሲዘረጋ ሰማያዊ አድርጋ ሣለችው። እሳቸው ግን ሁለት ዓይነት ናቸው ብለው በቀይ ሰረዙባት፤ ክፍሉም ሳቀባት። በበነጋው ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። እኔ ከሦስተኛ ክፍል የቀረሁት እንዲሁ አንድ ቀን አኩርፌ ነው። እሷን ዝም ብዬ አላያትም ብዬ አስተማሪውን ለምኜ አመጣኋቸው።

«መምህር፣ ቢራቢሮም ግብር ሊከፍል ነው የሚቆጠረው?» አሉ ገበሬው።

አስተማሪው ሳቁ። እኔ ውሃው ገና ስላልጎደለ የልጄን ቀሚስ ጨብጫለሁ።

«ይኸው እትዬ፣ ቡናማው ለብቻው፣ ሰማያዊው ለብቻው» አሉኝ አስተማሪው።

«መምህር፣ እኛ እንሰት ስንለይ ቅጠሉን ሳንገለብጥ ስሙን አንጠራም። ፊቱን ብቻ ያየ ይሳሳታል። አንዱን ይምረጡና ዓይንዎን አይንቀሉበት» አልኳቸው እኔ።

ከአስተማሪው እግር ፊት አንድ ቡናማ ተቀምጧል፤ ከደረቀ የእንሰት ቅጠል ቁራጭ አይለይም። የደመና ጥላ ሸሽቶ ፀሐይ ሲያገኘው ክንፉን ዘረጋ፤ ሰማያዊ ሆነ። መልሶ ከደነው፤ ቡናማ።

«ሱብሃነላህ!» አሉ ገበሬው።

አስተማሪው ልጄ ፊት ቁጢጥ አሉ።

«ልክ ነሽ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ነገ ክፍል ውስጥ እናገራለሁ።»

«ጮክ ብለው?»

«ጮክ ብዬ።»

ቃላቸውን ጠበቁ። ልጄም አንድ ቀን ሳትቀር ተማረች፤ ዛሬ እሷም አስተማሪ ናት። እሳቸው ዓመቱ ሲያልቅ ተዛወሩ፤ ያንን ሥዕል ለምነዋት ይዘውት ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ዘመኑ ተለወጠ፤ ድምፃቸውን አልሰማንም። ያሉበትን የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ደህና መሆናቸውን ንገሩኝ።